2,140 ሚኒራል ይዞ መሸነፍ፦ በስታርክራፍት ላይ የተነሳ ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ክርክሩ የተነሳበትን ክር የከፈተው ሰው ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጌም ቤት ስታርክራፍት የሚባለውን፣ ያለ ተራ የሚዋጉበትን የኮምፒውተር የጦርነት ጌም፣ የመጀመሪያውን የተጫወተ መሆኑን በማስቀደም ነበር የጀመረው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለተኛውን ስታርክራፍት ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት እየገጠመ፣ በተከታታይ 11 ጊዜ ተሸንፏል። እንቅልፍ የነሳው የመጨረሻው ሽንፈት ስለነበር እሱን ብቻ ዘርዝሮ አቀረበ። እሱ ቴራንን፣ ማለትም የሰው ልጆችን ወገን ይዞ ነበር፤ ተጋጣሚው ደግሞ እንደ አንበጣ የሚፈለፈለውን ዘርግን። ወታደር የሚወጣበት ባራክ ሦስት ሠርቷል፣ ሁለተኛ ቤዝ ከፍቷል፣ ሰላይ ልኮ ተጋጣሚው ዘርግሊንግና ቤንሊንግ የሚባሉ የዘርግ ፍጥረቶችን እያከማቸ መሆኑን በዓይኑ አይቷል፣ ጥቃቱ በየትኛው በር እንደሚመጣም ገምቷል። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ጥቃቱ ልክ በገመተው በር መጣ፤ በሩ ላይ የቆሙት ማሪኖች፣ ማለትም ተኳሽ ወታደሮቹ፣ ግን 9 ብቻ ነበሩ። ጥቃቱ ሲደርስ ስክሪኑ ጥግ ላይ 2,140 ሚኒራል፣ ማለትም የጌሙ ገንዘብ፣ ሳይነካ ተቀምጧል፤ ከጎኑም የተያዘውን የሠራተኛና የወታደር ቦታ ከተፈቀደው ጋር የሚያሳይ 46/46 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ቤዙም ፈራርሶ ጌሙ ተዘጋ።

ከዚህ ቀጥሎ ያቀረበው ነገር ጥያቄ የሚመስል ክስ ነበር። ጠላቱን ያወቀ፣ መንገዱን የገመተ፣ ገንዘብም ያልቸገረው ሰው ከተሸነፈ የተሸነፈው በሐሳብ ሳይሆን በጣት ፍጥነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጌም የስትራቴጂ ጌም ብሎ መጥራት ደግሞ የታይፕ ውድድርን የድርሰት ውድድር ብሎ እንደ መጥራት ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ተራ ጠብቆ የሚጫወቱት ጨዋታ ብቻ የጭንቅላት ጨዋታ ሊባል ይገባዋል ሲልም ደመደመ። ክሩን እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት ከመልሶቹ አንዱ የእኔ ስለሆነ ጭምር ነውና፣ ከዚህ በታች የምተርከው ፈጽሞ ከአድልዎ የጸዳ ነው አልልም።

ቁጥር 1 በአንቱታ የተጻፈ፣ እንኳን በደህና ተመለሱ የሚል መንፈስ ያለው አጭር መልስ ነበር። ጸሐፊው ጌሙ እያንዳንዱን ግጥሚያ ራሱ እንደሚያስቀምጥ አስታውሶ፣ ሽንፈትን ከትዝታ መተረክ አስተማማኝ ስላልሆነ ጠያቂው ሪፕሌዩን፣ ማለትም የተቀመጠውን የግጥሚያ ቅጂ፣ እንዲልክ በትሕትና ለመነ። ጠያቂው አልላከም፤ ቢልክ ኖሮ ይህ ክር አምስት መልስ ላይ ያበቃ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው መልስ ሰጪ ወደ ቁጥሩ ገባ። አንድ ቤዝ 8 የሚኒራል ክምርና 2 የጋዝ ጉድጓድ እንዳለው፣ ለእያንዳንዱ ክምር 2፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ 3 ሠራተኛ ሲመደብ አንድ ቤዝ በ22 ሠራተኞች ጥሩ አድርጎ እንደሚሠራ ካስረዳ በኋላ፣ ከ46ቱ ላይ 9ኙን ማሪኖች ቀንሶ የጠያቂው ሠራተኞች 37 እንደነበሩ ደረሰበት። ለጀማሪ የሚያስመሰግን ቁጥር መሆኑን ሳይሸሽግ ነው ወቀሳውን ያስከተለው። አንድ ማሪን 50 ሚኒራል የሚያወጣ በመሆኑ 2,140ው 42 ማሪን ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ጠያቂው የተሸነፈው ገንዘብን እንደ ቅርስ በማስቀመጡ ነው፣ በዚህ ጌም ደግሞ የተቀመጠ ገንዘብ ወለድ አይከፍልም።

ቁጥር 3 ይህን ሒሳብ አልተቀበለም፤ እኔም ስሌቱን እያነበብኩ ወረቀት አወጣሁ። ችግሩ 46/46 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛና ማሪን አንድ አንድ ቦታ ይይዛል፤ የቤዙ ዋና ሕንጻ የሆነው ኮማንድ ሴንተር 15 ቦታ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው በ100 ሚኒራል ዴፖ እየሠራ በያንዳንዱ 8 ቦታ ይጨምራል። ጠያቂው ሁለት ኮማንድ ሴንተርና ሁለት ዴፖ ነበረው፣ ቦታውም ሞልቷል፤ ስለዚህ 42 ማሪን ቀርቶ አንድም ማሪን ማስወጣት አይችልም ነበር። ገንዘቡ በትክክል ቢወጣ የሚገኘው 32 ማሪንና 4 ዴፖ ነው፤ ያም ልክ 2,000 ሆኖ 140 ይተርፋል። ይህ ሰው በዚህ ሳያበቃ፣ አንድ ባራክ ማሪን ለማውጣት 18 ሰከንድ ስለሚፈጅበት ምርትን እጥፍ የሚያደርገው ሪአክተር ያልተጨመረባቸው ሦስት ባራኮች በደቂቃ 10 ማሪን ብቻ እንደሚያወጡ አሰላ። 32ቱን ለማግኘት ከሦስት ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጠያቂው የሞተው ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሳይሆን ስድስተኛው አካባቢ ነው፤ ዘጠነኛው ላይ የታየው ቀብሩ ነበር። በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል በጥቂት መስመር ብዙ የተናገረ የለም፤ ያም ሆኖ ለጊዜው ማንም ልብ አላለውም።

ልብ ያላሉት ቁጥር 4 እሳት ይዞ ስለመጣ ነው። ከጠያቂው ጎን ቆሞ፣ በሙያ የሚጫወቱት ልጆች በደቂቃ ከ300 በላይ ትእዛዝ እንደሚሰጡ፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው ጌሙ ሲጀመር ጣት ለማሟሟቅ የሚነካካ ከንቱ ክሊክ መሆኑን ጽፎ፣ እናቶቻችን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ብለው ያሳደጉንን ይህ ጌም ያልቸኮለች ተበላች ብሎ ገለበጠው ሲል አላገጠ። የቁጥር 3ን ስሌትም የሱቅ ሒሳብ ብሎ አናናቀው። የክሩ ጨዋነት መላላት የጀመረው ከዚህ ነው።

ቁጥር 5 ጠያቂው ከማማረር ይልቅ ማመስገን እንደሚገባው የሚያሳስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የመጀመሪያው ስታርክራፍት በአንድ ጊዜ መርጦ ማዘዝ የሚቻለው 12 ዩኒት፣ ማለትም ወታደር ወይም ተሽከርካሪ፣ ብቻ ነበር፤ 60 ማሪን ያለው ሰው ጦሩን ወደ ፊት ለማንቀሳቀስ አምስት ጊዜ መምረጥና አምስት ጊዜ ማዘዝ ነበረበት። አምስት ባራክ ካሉት እያንዳንዱን ለየብቻ እየነካ ማሪን ያዛል። አዲስ የተሠራ ሠራተኛ በራሱ ሥራ አይጀምርም፤ ተነክቶ ወደ ሚኒራሉ ካልተላከ እዚያው እንደ እንግዳ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሁለተኛው ግን ሁሉንም ባራክ በአንድ ቁልፍ ያዝዛል፣ መቶም ሁለት መቶም ዩኒት በአንድ ጊዜ ይመርጣል፣ ሠራተኛውም መድረሻው አንዴ ከተጠቆመ ከተወለደ በኋላ ቀጥታ ወደ ሥራው ይሄዳል። በቀላሉ ጌም የተሸነፈ ሰው ከባዱን እየናፈቀ ማውራቱ እንደሚያስገርመውም አልደበቀም።

ለዚህ የተሰጠው ስድስተኛው መልስ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ የ12ቱ ገደብ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር አቅም ማነስ ውጤት እንጂ ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም የሚል ነበር። እኔም እስከዚያች ቀን የማምነው ይህንኑ ነው። ቁጥር 7 ግን እምነቱን ከሥሩ ነቀለው።

ይህ ሰው ታሪኩን በዓመት አሰለፈው። እ.ኤ.አ. በ1992 ላስ ቬጋስ የነበረው የጌም ኩባንያ ዌስትውድ ያወጣው ዱን 2 በአንድ ጊዜ የሚያስመርጠው አንድ ዩኒት ብቻ ነበር። የስታርክራፍት ሠሪዎች በ1994 ያወጡት ዋርክራፍት አራት ዩኒት፣ በ1995 ያወጡት ዋርክራፍት 2 ደግሞ ዘጠኝ ዩኒት ያስመርጣሉ፤ ስታርክራፍት 12 አደረሰው። እዚህ ድረስ የቁጥር 6 ሐሳብ የሚደገፍ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ እየበረታ ሲሄድ ቁጥሩም አብሮ አደገ ማለት ይቻላልና። ነገር ግን ያው ዌስትውድ በዚያው በ1995 ኮማንድ ኤንድ ኮንከርን ሲያወጣ ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል ታንክ በአንድ ጊዜ መርጦ እንዲነዳ ፈቅዶለት ነበር። ማሽኑ ያን ጊዜም ይችል ነበር ማለት ነው። ዋርክራፍትን ከሠሩት ፕሮግራመሮች አንዱ የሆነው ፓትሪክ ዋያትም፣ መጀመሪያ ላይ ገደብ እንዳልነበረውና በኋላ ሆን ተብሎ እንደተጨመረ፣ ዓላማውም ተጫዋቹ ጦሩን በጅምላ ነድቶ ከመላክ ይልቅ ለአሰላለፉ እንዲያስብ ማድረግ እንደነበረ ጽፏል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያው ስታርክራፍት ምስሉና ድምፁ ታድሶ እንደገና ሲወጣ 12ቱ እንደ 12 መቅረታቸውን አከለ፤ በ2017 ደግሞ የኮምፒውተር አቅም አነሰ ብሎ የሚከራከር አይኖርም።

የቁጥር 7 ጽሑፍ ከኮምፒውተር ታሪክ ይልቅ ለክሩ ጥያቄ መልስ ስለያዘ ነው ይህን ያህል የዘገየሁበት። ጌሙን የሚሠራው ሰው ለተጫዋቹ ከሚኒራልና ከጋዝ ሌላ አንድ ሦስተኛ ሀብት ይሰጠዋል፤ እሱም ትኩረቱ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ከጦር ሜዳው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ በሩን የሚያይ ሰው ባራኩን አያይም። ገደቡ ትኩረትን ውድ ያደርገዋል፤ ገደቡ ሲነሳ ትኩረት ይረክሳል እንጂ ነጻ አይሆንም። ጠያቂው የተሸነፈበት ጌም ትኩረት የረከሰበት ነው፤ ሆኖም ባዶ እጁን ነበር።

ቁጥር 8 ጌም ቤት የሚለውን ቃል ከመክፈቻው ላይ አንስቶ ወደ ትዝታ ወሰደን። አዲስ አበባ ውስጥ እሱ ይጫወትበት የነበረው ቤት ስድስት ኮምፒውተር ነበረው፤ ከስድስቱ በሁለቱ ኪቦርድ ላይ ፊደሎቹ ተፍቀው ስላለቁ ደንበኛው ቁልፉን በጣቱ ያውቀዋል እንጂ አያነበውም ነበር። ባለቤቱ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ በእስክሪብቶ የመግቢያ ሰዓት እየጻፈ በግማሽ ሰዓት ያስከፍላል፤ ኮምፒውተሮቹ በኬብል ስለተያያዙ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያስፈልግም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱና የሰፈሩ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲዋጉ ቆይተው፣ እሱ ሲጅ ታንኮቹን በመጨረሻው በር ላይ ተክሎ መተኮስ ሲጀምር መብራት ጠፋ። ቤቱ በጨለማ ውስጥ እያለ ሊያሸንፍ የነበረው ማን ነው በሚለው ላይ ሊደባደቡ ደረሱ፤ ባለቤቱም ሻማ አብርቶ ሁለቱም እኩል ይክፈሉ ብሎ ፈረደ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ልጅ ሲያገኘው ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ ይለዋል። ታሪኩ ከጉዳዩ የወጣ ቢመስልም ጸሐፊው መጨረሻ ላይ መለሰው፤ ሁለተኛው ስታርክራፍት ያለ ኢንተርኔት በሎካል ኔትወርክ እንዲያጫውት ሆኖ ስላልተሠራ፣ ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች ኔትወርክ ከጠፋ መጋጠም አይችሉም። እሱ እንደሚያምነው አዲስ አበባ ላይ ፍጥነት የሚባለው ነገር ከጣት በፊት የመስመር ጉዳይ ነው፤ ትእዛዙ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚጠብቅ ሰው ጣቱ ቢፈጥን ምን ይጠቅመዋል?

ዘጠነኛው መልስ ከሪያድ የተጻፈ ሲሆን፣ ጸሐፊው በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ በመሆኑ ከሰው ጋር መጋጠምን ትቶ የጌሙን ታሪክ ብቻ ከኮምፒውተር ጋር እንደሚጫወት፣ እዚያ ደግሞ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግና ሲደክም ማቆም እንደሚቻል ለጠያቂው ጠቆመ። ምክሩ ደግ ነበር፤ ማንም ግን አላመሰገነውም።

ቁጥር 10 ኮሪያ ውስጥ የሚማር ወጣት ነው። ባንግ ማለት በኮሪያኛ ክፍል ማለት ስለሆነ ፒሲ ባንግ የሚባለው እኛ ጌም ቤት ከምንለው በስም እንኳ እንደማይርቅ አስረድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የገንዘብ ቀውሱ አገሪቱን ከመታ በኋላ እነዚህ ቤቶች በየመንገዱ መስፋፋታቸውን፣ ስታርክራፍትም ልክ በዚያው ወቅት መድረሱን፣ በ2000 ጌም ብቻ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ጣቢያ መከፈቱን፣ በ2004 ደግሞ ቡሳን ውስጥ በጓንጋሊ የባሕር ዳርቻ በተደረገ የቡድኖች የፍጻሜ ግጥሚያ ላይ 100,000 ያህል ተመልካች ተገኝቷል እንደሚባል ተረከ። ነጥቡ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ የታይፕ ውድድር ለማየት ያን ያህል ሰው አሸዋ ላይ አይቀመጥም። ኮሪያ የሚለው ቃል ሲነሳ ግን የእኛ ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነውና፣ ቁጥር 11 እ.ኤ.አ. በ1951 ስለዘመተው ቃኘው ሻለቃ ረዘም ያለ ጽሑፍ አስገባ። የመድረኩ ኃላፊ ለዚያ የራሱ ክር እንዲከፈት በአክብሮት አሳስቦ ወደ ነገራችን መለሰን።

ቁጥር 12 የእኔ ነው። ክርክሩ ሁሉ በጣትና በጭንቅላት መካከል ሲመላለስ መሬቱን የረሳው መስሎኝ፣ ጠያቂው ማሪኖቹን በሩ ሥር ሳይሆን ዳገቱ ላይ ቢያቆማቸው ኖሮ፣ ከታች ወደ ላይ ከሚተኮሰው ከመቶ 47 ያህሉ ስለሚስት፣ በ9ኙም ቢሆን ሊመክት ይችል ነበር ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩ። ቁጥሩን ከወጣትነቴ ጀምሮ በቃሌ እይዘዋለሁና ማረጋገጥ አላስፈለገኝም።

አሥራ ሦስተኛው መልስ ሰጪ አንቱታውን ትቶ በአንተ መጣብኝ። ያልኩት ነገር እውነት የሚሆነው በመጀመሪያው ስታርክራፍት ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ተኩስ ከዳገት ሥር ስለተተኮሰ አይስትም፣ ልዩነቱ ከታች ያለው ወገን ዳገቱን የሚያይለት ዓይን ከሌለው መተኮስ አለመቻሉ ብቻ ነው። ይባስ ብሎም ዘርግሊንግ እየሮጠ መጥቶ የሚነክስ፣ ቤንሊንግም እየተንከባለለ መጥቶ የሚፈነዳ ፍጥረት እንጂ ተኳሽ ባለመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሕግ እንኳ ቢሆን የእኔ 47 ከመቶ እነሱን የሚመለከት አልነበረም። ሃያ ዓመት ያስቆጠረ ዕውቀት ይዞ ሰው ለመምከር መቸኮሌንም ሳይነካ አላለፈም። ተናድጄ መልስ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ አንድ ግጥሚያ ከፍቼ ሞከርኩት፣ ማሪኖቼም በዳገቱ ጫፍ ላይ እንደተደረደሩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተቃጠሉ። ስህተቴን አምኜ አጭር ማስተካከያ አስገባሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ማሽኑ ዞረ። ቁጥር 14 የጣትንና የጭንቅላትን ነገር ለመለየት የሚያስችል ፈተና አስቀድሞ መደረጉን አስታወሰ፤ ለንደን ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ዲፕማይንድ የሠራው አልፋስታር የተባለ ጌሙን የሚጫወት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ለሕዝብ በታዩት ግጥሚያዎች ቲኤልኦና ማና በሚሉ ስሞች የሚታወቁትን ሁለት የሙያ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸውን 5 ለ 0 አሸንፏል። ማሽኑ በአማካይ በደቂቃ 280 ያህል ትእዛዝ ሲሰጥ ፖላንዳዊው ማና 390 ያህል ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ቀርፋፋው ፈጣኑን አሸንፏልና የጭንቅላት ነገር ነው አለ ጸሐፊው። ቁጥር 15 አማካይ የሚለውን ቃል ይዞ ተነሳ። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ቆይቶ በውጊያው መካከል ለጥቂት ሰከንድ ሰው ሊደርስበት በማይችል ፍጥነት፣ ያውም አንድም ክሊክ ሳይስት ያዝዝ ነበር፤ ስታልከር የሚባሉትን የፕሮቶስ፣ ማለትም የጌሙ ሦስተኛ ወገን፣ ወታደሮች በሦስት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ እየመራ የከበበበትን ግጥሚያ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ወቀሳው በመሰማቱ ነው በዚያው ዓመት መጨረሻ በቀረበው አልፋስታር ላይ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ22 የተለያዩ ትእዛዞች በላይ እንዳይሰጥ ገደብ የተጣለበትና እንደ ሰው በካሜራው መስኮት ብቻ እንዲያይ የተደረገው፤ እንዲያም ሆኖ ከተጫዋቾች 99.8 በመቶውን በልጧል። ሁለቱ ሰዎች ይህንኑ አንድ ማስረጃ ለተቃራኒ ዓላማ ሲጠቀሙበት ማየቱ የሚያዝናና ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የጣመኝ ቁጥር 16 ነው፤ ጸሐፊው ማሽኑ ያሸነፋቸውን ትቶ የተሸነፈበትን አንዱን ግጥሚያ መረጠ። ከ5 ለ 0ው ውጪ በቀጥታ በተላለፈው የመጨረሻ ጨዋታ ማና በዋርፕ ፕሪዝም፣ ማለትም ወታደር አጓጉዞ በሚያራግፍ በራሪ መርከብ፣ ኢሞርታል የሚባሉ ጥቂት ከባድ ተዋጊዎችን ከማሽኑ ቤዝ ኋላ ያወርዳል። የማሽኑ ሙሉ ጦር ሊያባርራቸው ይመለሳል፤ ጦሩ ሲደርስ ማና ጭኖ ይሄዳል። ጦሩ ወደ ፊት ሊዘምት ሲነሳ መርከቧ ደግማ ትመጣለች፤ ጦሩም እንደገና ይመለሳል። ብዙ ጦር የያዘው ወገን በመመላለስ ጊዜውን ሲያባክን፣ ማና ጦሩን ገንብቶ ሄዶ ጨረሰው። እዚህ ላይ ያሸነፈው ጣት አልነበረም፤ ጭንቅላት ብቻውንም አልነበረም፤ የሌላውን ዓይን በማይረባ ቦታ ላይ አስሮ ማቆየት ነበር።

ጠያቂው መጀመሪያ ላይ ተራ የሌለው ጨዋታ የጭንቅላት ጨዋታ አይደለም ማለቱን እስከዚህ ድረስ ማንም አላነሳበትም ነበር። ያነሳው ቁጥር 17 ነው፤ ያነሳውም በራሳችን ሰንጠረዥ ነው። በአገራችን የቆየ የሰንጠረዥ ጨዋታ ሲጀመር ወረራ የሚባል ክፍል አለ፤ በዚህ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ የፈለገውን ያህል ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ በአንድ ላይ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው ያን አይቶ የራሱን ያስተካክላል፤ ያኛው ደግሞ ይህን አይቶ የሠራውን ያፈርሳል። ተራ የሚገባው መበላላት ከተጀመረ በኋላ ነው። መኳንንቱ በዚህ ሲጫወቱ የጣት ውድድር ነው ብሎ የናቀው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም የተጫዋቹ ብልሃት የሚታየው ሌላውን እየተመለከተ አሰላለፉን በሚለዋውጥበት በዚያ ጊዜ ነው። ጸሐፊው ይህን ካስቀመጠ በኋላ፣ ተራ መጠበቅን የአሳቢነት ምልክት አድርጎ ማየት ከሌላ ቤት የተማርነው እንጂ የአያቶቻችን ሕግ አይደለም ብሎ ዘጋ። ቁጥር 18 በሰንጠረዥ ገበታው ሁሉ ለሁለቱም ወለል ብሎ እንደሚታይ፣ በስታርክራፍት ግን ሰላይ ያልላከ ሰው የተጋጣሚውን ጓዳ እንደማያይ በመጥቀስ ንጽጽሩን አጠበበው፤ የቁጥር 17 ጸሐፊም ይህን ያለ ክርክር ተቀበለ።

ቁጥር 19 ላይ አንድ ሰው ሽማግሌዎች ወደ ሰንጠረዣቸው ይመለሱ የሚል ይዘት ያለውና ከዚህ የባሰ ቃል የጨመረ ነገር ጻፈ። ኃላፊው በአንድ ሰዓት ውስጥ አጠፋው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠያቂው ራሱ ቁጥር 20 ሆኖ ተመለሰ። ሪፕሌዩን ለማንም ሳያሳይ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ብዕርና ወረቀት ይዞ አይቶታል። አምስተኛው ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ላይ ሁለት ዘርግሊንጎች በሩ ላይ ብቅ ይላሉ፤ እሱም በአራት ማሪን ያሳድዳቸው ጀመር። ካሜራው በእነዚያ ሁለት ዘርግሊንጎች ላይ ተተክሎ 41 ሰከንድ ይቆያል፤ ማውሱም ያለ ማቋረጥ ይነካል፤ በዚያ 41 ሰከንድ ውስጥ የሰጠው የትእዛዝ ብዛት ከግጥሚያው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። አንዱን ገደለ፣ አንዱ አመለጠ። ሁለት ዘርግሊንግ በ50 ሚኒራል የሚገኝ በመሆኑ የገደለው የ25 ሚኒራል ጦር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ የፈቱት ሦስት ባራኮች ደግሞ 6 ማሪን ሊያወጡ ይችሉ ነበር። ቦታው 46 ሞልቶ የቆመውም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ እሱ ያየው ግን ጥቃቱ ሊመጣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ቁጥር 3 በስድስተኛው ደቂቃ አካባቢ ሞተሃል ማለቱ ትክክል እንደነበረ በስም ጠቅሶ አመሰገነው። ከክሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ዴፖ መሥራት የሐሳብ ሥራ ስላልሆነ ማሽኑ ራሱ ሊሠራው ይገባል ብሎ አሁንም ያምናል፤ ለዚህም አጥጋቢ መልስ የሰጠው አልነበረም።

ቁጥር 21 ሦስቱንም ባራኮች በአንድ የቁጥር ቁልፍ ሥር እንዲያስቀምጣቸውና ውጊያ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ በግራ እጁ ማሪን ማዘዝ እንዲለማመድ መከረው። ጠያቂው በማግሥቱ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ሁለቱንም መሸነፉን፣ ሆኖም ሲሸነፍ በእጁ የነበረው 310 እና 185 ሚኒራል ብቻ እንደነበረ ሪፖርት አደረገ። ያን ጊዜ የጌም ቤቱን ታሪክ የጻፈው ሰው በቁጥር 23 ቅዳሜ ማታ በ3 ሰዓት እንዲጋጠሙ ጋበዘው፤ ጠያቂውም በደስታ ተቀበለ፤ ሰርቨሩ የአውሮፓው እንዲሆን ተስማሙ፤ ሦስት አራት ሰዎችም ለማየት ተመዘገቡ።

ቅዳሜ ማታ በ3 ሰዓት አዲስ አበባ ያለው ሰው የጨዋታውን ክፍል ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀና፣ ጠያቂው ፈርቶ መቅረቱን በቁጥር 27 ጻፈ። ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ ሊነጋ ሲል፣ ጠያቂው ቨርጂኒያ ላይ የእሱ ማታ 3 ሰዓት ደርሶለት ያንኑ ባዶ ክፍል ፎቶ አንስቶ ከተመሳሳይ ክስ ጋር በቁጥር 28 ለጠፈ። በማን ሰዓት ማለታቸው እንደነበረ እስካሁን እየተከራከሩ ነው።